ስለ ሦስቱ ጠመንጃዎችና ስለ ወይዘሮ ጂቱ ድንች

በየካና በእንጦጦ ዙሪያ የኖሩ ታላላቅ ሰዎች ለሀገር ካበረከቱት አገልግሎት አንዱ እስከ ዛሬ ሳይጻፍ መቅረቱ ያሳዝነኛል። በ1951 ዓ.ም. በመስከረምና በጥቅምት ሦስት የተከበሩ አዳኞች ሦስት የተከበሩ ጠመንጃዎች ይዘው በአንድ ከርከሮ ላይ እንዴት እንደዘመቱ ከእኔ በቀር አሟልቶ የሚያውቅ የለም። እኔ የአዳኞች ማኅበራቸው ጸሐፊ ነበርኩ። ያለኝ መሣሪያ ብዕርና የቃለ ጉባኤ መዝገብ ብቻ ስለነበር ተኩሼ ስቼ አላውቅም። ሌሎቹ አባላትም ስተው አያውቁም፤ የእነሱ ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ማኅበራችን ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት አጠገብ፣ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ነበረችው። በግድግዳዋ ላይ የድኩላ ቀንድ ተሰቅሏል። ድኩላውን የገደለው ማን እንደሆነ እንግዳ ሲጠይቅ «ማኅበሩ ከመመሥረቱ በፊት ነው» ተብሎ ይመለስለታል።

ሊቀመንበራችን ባላምባራስ አካሉ ምንሽር ነበራቸው፤ ርዝመቱ ለቤት ማገር ይበቃል። መቀባበያው፣ ማለትም ጥይቱን ወደ ውስጥ የሚገፋው ባለ እጀታ ብረት፣ ቅባት ካየ ዘመናት አልፈውታል። አንዴ ከተዘጋ በመዳፍ ካልተመታ፣ መዳፍ እምቢ ካለውም በድንጋይ ካልተመታ አይከፈትም። ባላምባራስ ይህን እንደ ጉድለት አያዩትም።

«በቀላሉ የሚከፈት ነገር በር እንጂ ጠመንጃ አይባልም» ይላሉ።

ሁለተኛው አዳኝ አቶ ገብረ ክርስቶስ ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የክፍል ሹም። የእሱ ጠመንጃ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር የተገጠመለት ነው። እንጨቱ ከመወልወሉ የተነሣ ፊት ያሳያል። እንዳይጫጫርበት በሕፃን ብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ እንደ ታቦት በሁለት እጁ ታቅፎ ነው የሚሄደው። በገዛው ዕለት አንድ ጊዜ ተኩሶታል፤ መነጽሩም ወደ ኋላ ተወርውሮ ቅንድቡን ገምሶታል። ጠባሳው እስከ ዛሬ ይታያል። አቶ ገብረ ክርስቶስ ጠባሳውን ለሰው ሲያሳይ «የጉልበቱን ነገር ከዚህ ተመልከቱ» ይላል። ሁለተኛ ግን አልተኮሰም።

ሦስተኛው አቶ ኢቲቻ የባሕር ዛፍ ነጋዴ ነው። ቤልጅግ ጠመንጃ አለው፤ ደግሞ ግራኝ ነው። ጠመንጃውን በግራ ትከሻው አስደግፎ ሲያነጣጥር መቀባበያው በወዲያኛው በኩል ይሆንበታል። ስለዚህ ግራ እጁን በጠመንጃው ላይ አሻግሮ ይስባል፤ ሲስብም ክርኑ ባርኔጣውን ይጥለዋል። ባርኔጣ የሌለው አዳኝ ደግሞ አዳኝ አይመስልምና ጎንበስ ብሎ ያነሳል። ውጭ አገር ላሉት ጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበሩ አቤቱታ እንዲጽፍለት ካመለከተ ሦስት ዓመቱ ነው። ጉዳዩ በጥሩ ሁኔታ እየተጠና ነበር።

እንግዲህ ማኅበሩ በእንዲህ ያለ ዝግጁነት ላይ እንዳለ ወይዘሮ ጂቱ መጣች። እንጦጦ ላይ፣ ከጫካው ጥግ፣ የድንች ማሳ ያላት ባሏ የሞተባት ሴት ናት። በሩ ላይ ቆማ እጅ ነሣች።

«ጌቶቼ፣ ከርከሮ ድንቼን ፈጀብኝ።»

«ስንት ነው?» አሉ ባላምባራስ፣ ፊታቸውን አኮሳትረው።

«አንድ ነው። ሲበላ ግን ለአሥር ነው። በየቀኑ ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ይመጣል።»

«በየቀኑ? እሑድም?»

«እሑድን በምን ያውቃል፣ ጌታዬ?»

ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። ድንቹ የሚወጣው በጥቅምት መጨረሻ ነው። እስከዚያ ካልተጠበቀ ለሦስቱ ልጆቿ የምታበላው የላትም፤ እንደ ድሮዋ እንጨት ተሸክማ ከእንጦጦ ወደ ከተማ መውረድ ሊኖርባት ነው። «ወገቤ ደግሞ ከእንግዲህ ሸክም አይችልም። ሐኪሙም እኔም ተስማምተናል» አለች። ስትናገር ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ማኅበሩ አዘነ፤ አዝኖም አልቀረም፣ በዚያው ሰዓት ስብሰባ ተቀመጠ። ውሳኔውን ራሴ ጽፌዋለሁና ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «የከርከሮውን ጉዳይ በሚገባ ለመወጣት አስቀድሞ ለግዳዩ የሚበቃውን ጠመንጃ መምረጥ አስፈላጊ ሆኖ ስለተገኘ፣ ምርጫውም በሥፍራው ላይ መካሄድ ስለሚገባው፣ አባላቱ በየቀኑ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ በማሳው ዳር እየተገኙ እንዲመክሩ፣ ምክሩ እስኪያልቅ ድረስም ማንም አባል አንዲት ጥይት እንዳይተኩስ ተወስኗል።»

ወይዘሮ ጂቱ ውሳኔው ሲነበብላት እስከ መጨረሻው አደመጠች።

«ታዲያ እስከዚያ ከርከሮውስ?» አለች።

«እሱም ይጠብቃል» አሉ ባላምባራስ።

በማግስቱ ዳገቱን ወጥተን ከማሳው ዳር፣ ከአንድ ጽድ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ምክሩም ተጀመረ።

«ጠመንጃ ማለት ክብደት ነው» አሉ ባላምባራስ። «ትከሻህ ላይ መኖሩን ካላወቅከው ምን ሊረባህ!»

«ባላምባራስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የእርስዎ ምንሽር ሲከፈት እኮ ከእንጦጦ እስከ ቀበና ይሰማል!» አለ ገብረ ክርስቶስ።

«የአንተስ? ከርከሮ ሊገድል ነው ወይስ ሊታዘል ነው ብርድ ልብስ የለበሰው?»

«መነጽር አለው! የአውሬውን የዓይን ሽፋሽፍት ያሳያል!»

«ሽፋሽፍቱን አይተህ ልትድረው ነው?» አለ አቶ ኢቲቻ። «ዋናው ነገር ማን ሠራው ነው። ቤልጅግን የሠራው ሰው አዋቂ ነው። አንድ ጥፋት ብቻ አለበት፤ እናቱ ግራኝ አልወለደችም።»

«ጥፋቱ የአንተ ነው! በቀኝህ አትተኩስም?» አሉ ባላምባራስ።

«ለምን በቀኜ እተኩሳለሁ? እግዚአብሔር በግራ ፈጥሮኝ ፋብሪካ ያርመኝ?»

የእንጦጦን ገደል ያስተጋባው ይህ ምክር እስኪመሽ ቀጠለ። በማግስቱም፣ በሠልስቱም እንዲሁ። ማንም አንድ ቀን መቅረት አይደፍርም፤ የቀረ እንደሆነ ሁለቱ ተስማምተው የእሱን ጠመንጃ ይጥሉበታል። አቶ ገብረ ክርስቶስ ከመሥሪያ ቤቱ በዘጠኝ ሰዓት «ለመንግሥት ጉዳይ» እያለ ይወጣ ነበር። እሑድ ሦስቱም ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ገብተው እህል ቀምሰው በአሥር ሰዓት ጽዱ ሥር ይገኛሉ።

አንድ የሚያስደንቅ ነገርም ሆነ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ከርከሮው ድርሽ አላለም። እኔም በመዝገቡ ላይ «አውሬው የማኅበሩን ዝና ሰምቶ ታግሷል» ብዬ ጻፍኩ። ወይዘሮ ጂቱ ግን ትንሽ ራቅ ብላ፣ አረሟን እየነቀለች፣ አንዴ ጫካውን አንዴ እኛን ታያለች። ምን እንደምታስብ ያን ጊዜ አልጠየቅኳትም።

በጥቅምት አሥር ቀን የሦስቱም ድምፅ ሰለለ። ስለዚህ ስምምነት ላይ ተደረሰ። «ከሦስቱ ጠመንጃዎች እያንዳንዱ ከሌሎቹ ሁለቱ የሚበልጥ መሆኑ ያለ አንዳች ተቃውሞ ተረጋግጧል» ብዬ ጻፍኩ፤ ሦስቱም ፈረሙ። አደኑ ለማግስቱ ተቀጠረ።

በማግስቱ ከጽዱ ሥር በደረታችን ተኛን። በማኅበሩ ታሪክ የመጀመሪያው ዝምታ ነበር፤ ወፍ እንኳ ይሰማ ነበር። ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከርከሮው ከቁጥቋጦው ወጣ፤ ክራንቻም፣ ሰፊ፣ ሳምንታት ጾሞ የሰነበተ። ወዲያ ወዲህ ሳይል ከመጀመሪያው ትልም ገብቶ ተንበርክኮ መቆፈር ጀመረ።

«ቅደም እንጂ» አሉ ባላምባራስ በሹክሹክታ፣ ወደ ገብረ ክርስቶስ ዞረው።

«ኧረ እርስዎ እያሉ! እንዴት ተደርጎ?»

«ግድ የለም፤ ፈቅጃለሁ።»

«በእናቴ አይሆንም! ነውር ነው። ኢቲቻ፣ አንተ—»

«እኔ? ባላምባራስን ቀድሜ? ሰው ምን ይለኛል?»

«እኔ ይቅርታ አደረግኩልህ፣ ልጄ። ተኩስ።»

«አፈር ስሆን ይቅደሙ!»

በዚህ ጨዋነት መካከል የመጀመሪያው ትልም አለቀ። ባላምባራስ በመጨረሻ ክብሩን ተቀብለው መቀባበያውን ሳቡ። እንቢ አለ። በመዳፋቸው መቱት። እንቢ አለ። እጃቸውን ወደ እኔ ሲዘረጉ ድንጋይ አቀበልኳቸው፤ ነገር ግን አውሬው በድምፁ ይደነግጣል ብለው ስለሰጉ ድንጋዩን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡት። አቶ ገብረ ክርስቶስ ብርድ ልብሱን አንዱን እጥፋት ከአንዱ ፈትቶ ዓይኑን ከመነጽሩ ራቅ አድርጎ ተመለከተ።

«ጨልሟል» አለ።

የመነጽሩን ክዳን አላነሳውም ነበር። አቶ ኢቲቻ ደግሞ እጁን አሻግሮ ሳበ፤ ባርኔጣው ወደቀ፤ ተከትሎት ሄደ። ከርከሮው ሁለተኛውን ትልም ጨርሶ ሦስተኛውን ያዘ።

ወደ ኋላዬ ዞር ስል ወይዘሮ ጂቱ ቆማለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛዋለች። አላለቀሰችም፤ ትልሞቹን እየቆጠረች ነበር። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። ሌሎቹም አፈሩ መሰለኝ፤ ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ጠመንጃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ባላምባራስ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ይቅር በይን፣ ልጄ፤ እኛ ከዚህ በኋላ አንመጣም» አሉ፤ ድምፃቸው በጭንቅ ነበር የሚሰማው።

ወይዘሮ ጂቱ ከርከሮውን አየች። ዝም ያሉትን ሦስት ሰዎች አየች። ደግሞ ከርከሮውን አየች። ከዚያ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አንስታ፣ በጣም በትሕትና፣ እንዲህ ብላ ጠየቀች፦

«ጌቶቼ፣ እኔ ሴት ነኝ፣ አላውቅም። ግን አሁን ጥፋቱ የጠመንጃዎቹ ነው ወይስ የባለቤቶቹ?»



«የባለቤቶቹ?!» ብለው ባላምባራስ ብድግ አሉ። «ይህ መነጽር የሚሉት የጠርሙስ ቂጥ ነው ያዋረደን!»

«ጠርሙስ? በድንጋይ የሚከፈት ጠመንጃ ይዘው እርስዎ ስለ ጠርሙስ ይናገራሉ?»

«ሁለታችሁም ዝም በሉ! ፋብሪካው ነው! ፋብሪካው!»

ከርከሮው አፉን ከአፈሩ አወጣ። ጆሮውን አቆመ። ጭራውን እንደ ዘንግ ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ወደ ጫካው ሲፈረጥጥ ያየነው እኔና ወይዘሮ ጂቱ ብቻ ነን፤ ሌሎቹ ሥራ ላይ ነበሩ። በመዝገቡ ላይ «ጠላት የማኅበሩን መሣሪያ ግርማ መቋቋም ተስኖት አፈገፈገ» ብዬ አሰፈርኩ። ይህን ስጽፍ በሙሉ ልቤ አምኜ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንመጣም ያሉት ሦስቱ ሰዎች አንድ ቀን አልቀሩም፤ የተነሣው ነገር ገና አላለቀማ። ወይዘሮ ጂቱም ለጠመንጃ ያደረባት ፍቅር ገረመኝ። ድምፁ ሞቅ ብሎ ሲቀጥል አረሟን ትነቅላለች። ረገብ ሲል ግን የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ይዛ ትመጣና አንድ ነገር ትጠይቃለች። አንድ ቀን «ከባድ ጠመንጃ ይሻላል ቀላል?» አለች፤ ይህ ለሁለት ቀን በቃ። ሌላ ቀን «የመጀመሪያው ጥይት ከሳተ አምስት ጎራሽ መሆኑ ምን ይረባል?» አለች፤ ይህ አራት ቀን ሄደ። አቶ ኢቲቻ ብቻውን ቀድሞ የደረሰ ዕለት ደግሞ «በግራ መተኮስ ኃጢአት ነው ይላሉ፣ እውነት ነው?» ብላው፣ ሰውየው ለብቻው እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ጮኸ። እኔም በመዝገቡ ላይ «ወይዘሮዋ የጦር መሣሪያ እውቀት ለመቅሰም ያሳየችው ትጋት ለአባላቱም አርአያ ነው» አልኩ።

በጥቅምት መጨረሻ ድንቹ ወጣ። ልጆቹ ጭምር ሲለቅሙ ውለው ጎተራው ሞላ። ከሳምንት በኋላ ከእንጦጦ አንድ ደብዳቤ መጣልን፤ እሷ እየተናገረች የአጥቢያዋ ዲያቆን የጻፈው ነው። ባላምባራስ ሙሉ ጉባኤ አስጠሩ። ካባቸውን ደርበዋል። ሦስቱ ጠመንጃዎች ከድኩላው ቀንድ ሥር ተደረደሩ። እኔም ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩ፦

«ለተከበራችሁ አዳኞች። ድንቼ በሰላም ገብቷል። ልጆቼ ጠግበው አድረዋል፤ እኔም እንጨት አልሸከምም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ጉባኤው አጨበጨበ። ባላምባራስ ዓይናቸውን በካባቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔ ማንበቤን ቀጠልኩ፦

«ለመጪው ዓመት ከወንድሜ ከቱሉ ጋር ማሳውን አስፍተን ገብስም እንዘራለን። ስለዚህ እነዚያው ሦስት ጌቶች፣ ሌላ ሰው ሳይቀየርብን፣ እንዲላኩልን እለምናለሁ። ድንቹን እቀቅላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግር፤ ዳገቱ ከባድ ነው፣ ጌቶቹም አርጅተዋል። ጠመንጃዎቹን ይዘው መምጣት አያስፈልጋቸውም።»

ደብዳቤውን አጠፍኩት። በማኅበሩ ታሪክ ሁለተኛው ዝምታ ወረደ። ባላምባራስ ምንሽራቸውን አዩ፤ ገብረ ክርስቶስ ብርድ ልብሱን አስተካከለ። አንድ ሰው አሁን የገባውን ነገር ይናገራል ብዬ ብዕሬን አነሳሁ።

«ሦስቱንም ማለቷ ነው?» አለ አቶ ኢቲቻ ቀስ ብሎ። «ወይስ የባላምባራስን ብቻ?»

«የእኔን? የእኔን?!»

ቆርቆሮው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከደጃፉ ተኝቶ የነበረው የማኅበሩ ዘበኛ ውሻ ተነሥቶ ጭራውን ሰብስቦ ወደ ባሕር ዛፉ ሄደ። እኔም መዝገቡን ገልጬ «ማኅበሩ ለመጪው ዓመት ዘመቻ ዝግጅቱን ጀምሯል» ብዬ ጻፍኩ።