የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሽማግሌ

በር ተዘግቶበት የማያውቅ ሰው የለም። ተዘግቶበት «እናመሰግናለን፣ መልካም ቀን!» የሚል ግን በዚህ ዓለም አንድ ዓይነት ፍጥረት ብቻ ነው። እርስዎም ያውቁታል። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ክራባት አስሯል፤ ደረቱ ላይ ጥቁር የስም ሰሌዳ ለጥፏል፤ ከጎኑም እሱኑ የመሰለ ሌላ አለ። ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ውሻ እንኳ ጥላ ፈልጎ በተኛበት መንገድ፣ ሁለት ሆነው እየሳቁ ሲመጡ ካዩ ሞርሞን ሚስዮናውያን ናቸው። መጋረጃውን ለመዝጋት አይቸኩሉ። አይተውዎታል፤ እጃቸውንም አውለብልበዋል።

ሰሌዳው ላይ ከስሙ በፊት «ሽማግሌ» ይላል። ማዕረግ ነው። ጢሙ በቅጡ ያልወጣ፣ ሲጨነቅ የአገጩን ብጉር የሚነካካ፣ እስከ ትናንት ካልሲውን እናቱ ታጥብለት የነበረ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ ሽማግሌ ይሆናል። እኔ ደግሞ ጡረታዬ የደረሰ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ፤ ከሸበትኩ ቆይቻለሁ። ሽማግሌው እኔን «ወንድም» ይለኛል። የሰው ልደትና የሰው ሞት በትክክል እንዲጻፍ ዕድሜ ልኩን ሲጨቃጨቅ ለኖረ ሰው ይህ ቀላል ስድብ አይደለም።

የኛ ሰፈሩ ሽማግሌ በጣም ረጅም ነበር። «ምሰሶ» ብላ ስም ያወጣችለት እህቴ ናት። ታላቄ ነበረች፤ እትዬ እላት ነበር። ልብስ ሰፊ ነበረች። ሁለታችንም ሳናገባ በአባታችን ቤት አብረን አረጀን፤ እሷ ቀድማኝ ሞተች። ስለዚህ አነጋገሬ መረር ቢል አንባቢ ይታገሠኝ። ባይታገሠኝም ግድ የለኝም።

ምሰሶን ወደ ቤታችን ያስገባው ስብከቱ አልነበረም። ብስክሌት ሱሪውን ቀዶበት ነው። እትዬ መስኮት ላይ ተቀምጣ ስትሰፋ አየችውና መንገዱን በሙሉ በሚያሰማ ድምፅ ጠራችው።

«አንተ ልጅ! ቂጥህን አየር መታው እኮ! ና ግባ!»

ገባ። ጓዱም ገባ፤ እነዚህ ሰዎች አንዱ ካንዱ ዓይን መሰወር ክልክላቸው ነው። እትዬ ሱሪውን አስወልቃ አበባ ያለበት አንሶላ አገለደመችው። ክቡርነታቸው ከወገብ በላይ ሸሚዝ፣ ክራባትና ማዕረግ፣ ከወገብ በታች አንሶላ ሆነው ስለ ዘለዓለም ሕይወት ማስረዳት ጀመሩ። እትዬ መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ አዳመጠች።

«ቡና ልጣድላችሁ?» አለች በመጨረሻ።

«አንጠጣም፣ እናመሰግናለን።»

«ሻይስ?»

«እሱንም አንጠጣም።»

«ታዲያ ምን ትጠጣላችሁ?»

«ውሃ።»

«እሺ፣ ሙቅ ላድርግልህ?»

«ይቻላል።»

«ሙቅ ውሃማ የታመመ ሰው ነው የሚጠጣው። አሞሃል እንዴ?» ብላ ግንባሩን በእጇ ዳሰሰችው። ልጁ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አገር ለቆ ከመጣ ወዲህ ግንባሩን የዳሰሰው ሰው እንዳልነበረ ያኔ አልገባኝም፤ የገባኝ ከእንግዲህ እነዚህን ሁለቱን የሚያወጣልኝ እንደሌለ ብቻ ነው።

እውነትም አልወጡም። ጓዶቹ ይቀያየራሉ፤ አንዱ ይሄዳል፣ ሌላው በአዲስ ክራባት ይመጣል፤ ምሰሶን ግን የበላዮቹ ምን እንደታያቸው እንጃ እዚሁ ሰፈር ተከሉት። በራችንን ባንኳኳ ቁጥር አንድ ቃል አለችው፦ «የምናግዝዎት ነገር አለ?» እቃ የያዘች ሴት ካየ «የምናግዝዎት ነገር አለ?»፤ የሚጣሉ ባልና ሚስት ካየ «የምናግዝዎት ነገር አለ?»። ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅ ሰላዮች ናቸው ብሎ ምሎ ነበር።

«ምን ሊሰልሉ?» አልኩት። «የኔን የሚያንጠባጥብ ቧንቧ?»

«አታውቅም! ዝም ብሎ የሚያግዝ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»



አንድ ቀን ምሰሶን ጥርሱን አመመው። እትዬ «ውሰደው» ብላ አዘዘችኝ፤ ወሰድኩት። የጥርስ ሐኪሟ ሁለቱን ጎን ለጎን ቆመው አይታ «አንዳችሁ ውጭ ጠብቁ» አለች።

«አንችልም» አለ ጓዱ።

«የማን ጥርስ ነው የሚነቀለው?»

«የሱ።»

«አንተስ?»

«እኔ ጓዱ ነኝ።»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ? እርስዎም ሊገቡ ነው?» እኔ ወጣሁ። በደጅ ሆኜ የሰማሁት፣ መንጋጋው ደንዝዞ «እናመሰግናለን» ለማለት የሚታገል ሰው ድምፅ ነበር።

እትዬን በየሳምንቱ እንድትጠመቅ ይጠይቋታል። ከነልብስ፣ ከነጭንቅላት፣ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ መግባት ነው። እትዬ ደግሞ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ውሃ ትፈራ ነበር።

«ጭንቅላቴንም ታጠልቀኛለህ?»

«ለአንድ አፍታ ብቻ ነው፣ እትዬ።»

«ጸጉሬን ስታጠብ እንኳ ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች! አይሆንም የኔ ልጅ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሞክር» ትልና ከት ብላ ትስቃለች። እነሱም ይስቃሉ። የምሰሶን የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች፤ ይሄዳል። በሚቀጥለው ሳምንት ይሞክራል። እኔ ጥግ ይዤ ጋዜጣ እያነበብኩ፣ ይህ ሁሉ የጊዜ ብክነት ነው እል ነበር። የሳቋን ድምፅ እንደ ጊዜ ብክነት የቆጠረ ሰው ምን ይባላል? ይሁን።

እትዬ የሞተችው ከአጭር ሕመም በኋላ ነው። በቀብሯ ቀን ክቡር ሽማግሌዎቻችን ከሁሉ ቀድመው ደረሱ። ሳጥኑን እንሸከማለን አሉ። አንዱን ብቻ ለመቀበል ፈቃደኛ ነበርኩ፤ አንድ ሆነው ግን አያውቁም። የዚያን ጊዜው ጓድ ደግሞ ከምሰሶ ደረት የማይደርስ አጭር ነበር። ከሳጥኑ ሥር በፊት በኩል፣ ጎን ለጎን ገቡ። ሳጥኑ አንድ ጎኑ ሰማይ፣ ሌላ ጎኑ ምድር ሆኖ ተንጋደደ። ምሰሶ ጉልበቱን አጥፎ፣ እንደ እንቁራሪት ቁጭ ብድግ እያለ፣ ላብ በላብ ሆኖ እስከ መቃብሩ ሄደ። ዕድሜዋን በሙሉ አንድ ስፌት ሳታጣምም የኖረች ሴት ተንጋዳ ወደ ማረፊያዋ ደረሰች። ይቅር አላልኳቸውም።

ያም አልበቃቸው። ሰው ሊያጽናናኝ ቤት ተሰብስቦ ሳለ ምሰሶ አጠገቤ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወንድም፣ አንድ ፈቃድ ልጠይቅዎት ነበር።»

«የምን ፈቃድ?»

«የእትዬን ሙሉ ስምና የተወለደችበትን ቀን። በቤተ መቅደሳችን አንዲት ሴት በእሷ ፈንታ እንድትጠመቅላት። የቅርብ ዘመዷ እርስዎ ስለሆኑ ያለ እርስዎ ፈቃድ አይሆንም።»

«እትዬ ሞታለች» አልኩት፤ አልሰማ እንደሆነ ብዬ።

«አዎ። ለዚህ እኮ ነው። አሁን ውሃውን መፍራት የለባትም፤ ሌላ ሰው ነው የሚረጥብላት።»

ማን ነው ሐዘን ቤት ገብቶ የሟችን የልደት ቀን የሚጠይቅ? እኔ በሥራዬ ስጠይቅ እንኳ በመስኮት ተሸሽጌ ነው። በመዝገብ ቤት አንድ የማከብረው ሕግ አለ፦ ሰው ሲሞት መዝገቡ ይዘጋል። ባለሥልጣን ይሁን ባለጸጋ፣ ማንም ገብቶ አንድ ነገር አይጨምርበትም። እትዬ ያልሆነችውን፣ ከሞተች በኋላ ሊያደርጓት!

«ውጡ!» አልኩ። ሰዉ ሁሉ ዞረ።

ባለሱቁ «ተው እንጂ ጋሼ፣ ልጆች ናቸው» አለ።

«ውጡ ብያለሁ!»

ምሰሶ ተነሣ። ፊቱ እንደ ሸሚዙ ነጥቶ ነበር። «እናመሰግናለን» አለ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይደረጋል?

ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ሁሉ አጽናኑኝ። ባለሱቁ «ክፍሏ እንዲያው ባዶውን ከሚቀመጥ ለእህቴ ልጅ አከራየው» አለኝ። የአክስቴ ልጅ የስፌት መኪናዋን በርካሽ እንድሸጥላት ጠየቀችኝ፤ «አንተ ምን ታደርግበታለህ?»። የሥራ ባልደረቦቼ «አሁንማ ነጻ ሰው ነህ፣ አንዷን ፈልግ» ብለው ትከሻዬን መቱ። ልብሷን ምን እንደማደርገው፣ ጫማዋን ለማን እንደምሰጠው፣ ሁሉም እኔን ጠየቀኝ። እትዬ በአንድ ሳምንት ውስጥ እኔ የምወስንላት ዕቃ ሆነች።

ምሰሶና ጓዱ ግን ስለ ስሟ ደግመው ሳያነሡ መምጣታቸውን ቀጠሉ።

«የምናግዝዎት ነገር አለ?»

«አለ። ሂዱልኝ።»

ይሄዳሉ። ስወጣ የአጥሩ ሥር ተጠርጎ አገኘዋለሁ። ተናደድኩና እንዲሰለቻቸው ብዬ ሥራ መስጠት ጀመርኩ። የውሃ በርሜሉን አስፈገፈግኳቸው። የመጽሐፍ መደርደሪያውን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው አስወሰድኳቸው፤ በሳምንቱ አስመለስኳቸው። ክራባታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው እያላቡ ገፉ። ሲጨርሱ አመሰገኑኝ።

መደርደሪያውን እየመለሰ ሳለ ምሰሶን ላቆስለው ፈልጌ «ሰው ሞቶብህ አያውቅም መሰለኝ» አልኩት።

«አያቴ ሞተዋል። እዚህ እያለሁ ነው» አለ፣ መደርደሪያውን ሳይለቅ። «ቀብራቸውን በስልክ አየሁ። ስልኩን የያዘችው እህቴ ስታለቅስ እጇ ወደ ታች ይወርድባት ነበር፤ አብዛኛውን ያየሁት ሣር ነው።»

«ለምን አልሄድክም?»

«ጀምሬያለሁ። ልጨርስ ብዬ።»

አይዞህ አላልኩትም። ወደ ግራ ገፋ አድርገው አልኩት።

የሁለት ዓመት የሚስዮን ጊዜው ሲያልቅ፣ ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ለስንብት መጣ። እኔ ተዘጋጅቼ ነበር። መውጫው ላይ ስሟን እንደሚጠይቀኝ አውቄያለሁ፤ በየመንገዱ ስለማመደው የከረምኩት መልስ ነበረኝ፤ ጨዋ፣ አጭር፣ አጥንት የሚሰብር። ምሰሶ እጁን ዘረጋ። ጨበጥኩት። «እግዚአብሔር ይባርክዎት፣ ወንድም» አለና ዞረ።

«ረሳህ እንዴ?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ስሟን ነዋ! አትጠይቀኝም?»

«እምቢ ብለውኛል።»

«እሷስ ስንት ጊዜ እምቢ ብላህ ስንት ጊዜ ተመልሰህ መጣህ?»

«እሷ እምቢ የምትለው እየሳቀች ነው» አለ። «እርስዎ አልሳቁም።»

የተዘጋጀሁበት መልስ ለዚህ አይሆንም ነበር። ጓዱ ጫማውን ያያል።

«እሺ፣ እሷ ባትፈልግስ?» አልኩት። «እኔ ፈቅጄ፣ እናንተ ማንንም አርጥባችሁ፣ እሷ ባትፈልግስ?»

«ካልፈለገች አይሆንም። እኛ በሩን መክፈት ብቻ ነው የምንችለው። የምትወስነው እሷ ናት።»

«ማን?»

«እትዬ።»

«አሁን?»

«አሁንም» አለ፤ ይህን አለማወቄ አስገርሞት።

አላመንኩትም። ዛሬም አላምነውም፤ ይህ ግልጽ ይሁን። ነገር ግን ከተቀበረች ጀምሮ፣ ካወቋትና ከወደዷት ሰዎች ሁሉ መካከል እሷ ትጠየቅ ያለ ሰው እሱ ብቻ መሆኑ ገባኝ። መኪናዋንም፣ ክፍሏንም፣ ጫማዋንም የጠየቁት እኔን ነው።

ስልክህን አውጣ አልኩት። ስሟን ከነአባቷና ከነአያቷ ነገርኩት፤ የተወለደችበትን ቀን ጨመርኩለት። ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ጻፈ፤ ሁለቴም አስደለዝኩት። በኔ እጅ ያለፈ ስም ተበላሽቶ አይሄድም።

«እምቢ ትላችኋለች» አልኩት። «ከአሁኑ ልንገርህ።»

«ትበል» አለ። «ብቻ ትጠየቅ።»

እስከ ዋናው መንገድ ሸኘኋቸው። እነሱ መንገዳቸውን ሲቀጥሉ ባለሱቁ ከደጁ ወጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ሄዱልህ? እንኳን ተገላገልክ።»

«አዎ፣ ተገላገልኩ» አልኩት፤ እዚያው ቆሜ። ጓዱ ወዲያው ከሰዉ ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ። የምሰሶ ጭንቅላት ግን ከሰው ሁሉ በላይ ሆኖ፣ ከሩቅ፣ ከገበያው ማዶ እንኳ ይታየኝ ነበር። ረጅም ሰው የመሸኘት ክፋቱ ይህ ነው፤ ከዓይን ቶሎ አይጠፋም።