ጳጉሜን የት አደረጓት?

በየሰፈሩ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው የሚቆጥር አንድ ሰው አይጠፋም። ቀጠሮ ሲነግሩት ጣቱን እያጠፈ ወደ ኋላ ይሄድና «አሁን መንገድ ላይ መሆን ነበረብን» ይላል። በልደታ ኮንዶሚኒየማችን ይህ ክቡር ሰው እኔ ነኝ።

ዘዴው ግሩም ነው፤ ማንም ሳይጠይቀኝ ደረጃ ላይ ሰው አቁሜ አስረዳለሁ። ለእህቴ ልጅ ለማሂ ሠርግ ከስድስት ሰዓት ጀምሬ ወደ ኋላ ቆጠርኩ፦ ለታክሲ ሰልፍ ይህን ያህል፣ ለመንገድ መዘጋጋት ይህን ያህል፣ ለጫማ ማሰሪያ አምስት ደቂቃ። አዳራሹ የደረስኩት ከወንበር ደርዳሪዎቹ ጋር ነው። ሁለት ረድፍ ደረደርኩ።

አምና ክረምት፣ ግራውንድ ላይ ልብስ የምትሰፋው መቅደላዊት የመጀመሪያዋን ትልቅ ሥራ አገኘች፤ ለአንድ ትምህርት ቤት ስልሳ ዩኒፎርም፣ ለመስከረም ሦስት። ካልደረሰላት ሥራው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ላለ ሌላ ልብስ ሰፊ ይሄዳል።

«ከመጨረሻው ነው የሚጀመረው» አልኳት፣ ወረቀትና ማስመሪያ ይዤ ወርጄ። መስከረም ሦስት ማስረከብ፣ ሁለት መተኮስ፣ አንድ በዓል፣ ነሐሴ ሠላሳ ቁልፍ መትከል፣ ከዚያ በፊት መስፋት፣ ከዚያ በፊት መቁረጥ። ጨርቅ መግዛቱ ትናንት ላይ አረፈ።

«ትናንትን ከየት ላምጣው ጋሼ?»

«ዛሬ ሩጪ።»

ሮጠች። ነሐሴ ሃያ አምስት ላይ የስፌት መኪናዋ ሞተር ተቃጠለ፤ ጥገናው ሦስት ቀን በላ። ነሐሴ ሃያ ስምንት ወርጄ ሳይ ሃያ ሱሪ ገና አልተሰፋም።

«ለበዓሉ ሁለት ቀን ቀረን፤ አበቃልን» አልኳት። «ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ።»

ክር እያስገባች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። «ሰባት ቀን ነው ያለን። ጳጉሜን የት አደረጓት?»

ሠላሳ ዓመት መሥሪያ ቤት ተቀምጬ እቅድ ያወጣሁ ሰው አንድ ወር ረስቻለሁ። ትንሽ ወር መሆኗ ብዙም አላጽናናኝም።

«ስህተቱን መቼ አየሽው?»

«ወረቀቱን ያመጡት ዕለት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ብነግርዎት አምስቱንም ቀን ያከፋፍሏቸው ነበር።»

እውነቷን ነው። ለክር ምርጫ ብቻ ሁለቱን እሰጥ ነበር።

ስልሳውም በቀኑ ደረሰ። ወረቀቴ ዛሬም ከስፌት መኪናዋ በላይ ተለጥፏል፤ በነሐሴና በመስከረም መካከል በስኪሪብቶ «ጳጉሜን፦ ለጋሼ ስህተት» ብላ ጨምራበታለች።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ትእዛዝ መጣላትና ንጹሕ ወረቀት ይዛ እኔ ዘንድ ወጣች። ቀነ ገደቡ ሚያዝያ ሃያ ነው፤ ጳጉሜን የለችበትም። ማስመሪያዬን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ አምስት ቀን የት ጋ እንደምረሳላት እያሰብኩ ነው።