ዘይላን ያለ በቅሎ

አገር ማየት በበቅሎ ነው ይባላል። እንጦጦ ላይ በቅሎ የሌለው ሰው ለመሳለም ሲወጣ እንኳ ግማሽ ሰው ነው፤ ሌላው ግማሹ ጎረቤት ሄዶ በቅሎ ሲለምን ይገኛል። እኔ ግን በዚህ ነገር አልስማማም። በበቅሎ የሄደ ሰው ምን አየ? የበቅሎዋን ሁለት ጆሮዎች አየ፤ በጆሮዎቿ መካከልም ጥቂት መንገድ አየ። ከዚያ ይወርድና «አገሩን አየሁት» ይላል። ማን ይከራከረዋል? በእግሩ የሄደ ሰው ግን ድንጋዩን ሁሉ ያውቀዋል፤ ድንጋዩም የሰውየውን አውራ ጣት ያውቀዋል።

ይህን ያህል ድፍረት ያገኘሁት ዘይላ የሚባለውን የባሕር ዳር ከተማ አይቼ ከተመለስኩ ወዲህ ነው። በፊትማ ሰው ፊት አፌን መክፈት የማልችል ዓይን አፋር ነበርኩ። አሁንም ነኝ፤ የምጽፈውም ለዚህ ነው። ወረቀት ሰው ላይ አያፈጥም።

ነገሩ የተጀመረው ከአክስቴ ከየሺ፣ ከአባቴ እኅት ነው። አክስቴ ቀበና ወንዝ አጠገብ ከባሏ ከአያ ደስታ ጋር ትኖር ነበር። ነበር ያልኩት አያ ደስታ ከሦስት ዓመት በፊት ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ ስለሄዱ ነው። አካሄዳቸው የዋዛ አልነበረም። ተናዘዙ፣ ከተጣሉት ታረቁ፣ ቤታቸውንና በሬዎቻቸውን ለሚስታቸው ተናዝዘው ሰጡ፣ አገሩም እያለቀሰ መሪ እስከሚባለው ሜዳ ድረስ ሸኛቸው። ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው ጠፋ።

የንስሐ አባታቸው አክስቴን፣ «ልጄ፣ ሦስት ዓመት ዝም ያለ ሰው ሞቷል፤ ነፍሱን አታስርቢው፣ ተዝካሩን አውጪ» ይሏታል። አክስቴ ደግሞ በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር ማውጣት ሟርት ነው ብላ ትፈራለች። ባታወጣ የሙት ነፍስ ይወቅሳታል፤ ብታወጣ ሕያው ባሏን በገዛ ድግሷ ትቀብራለች። ሰው ሚስት ይሁን መበለት ሳያውቅ ስንት ዓመት ያድራል? በመጨረሻ ተዝካሩን ለዳግማ ትንሣኤ ቆረጠችና እኔን አስጠራችኝ። አጎቴ በዳዳ፣ ማለት የእናቴ ወንድም፣ ቡና ጭኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዘይላ ሊወርድ ነበር፤ እናቴም «ይህ ልጅ ሰው ይልመድ» ብላ ከእሱ ጋር ልትልከኝ ነበር። አክስቴ፣ «የአያ ደስታን ወሬ ጠይቅልኝ» አለችኝ። «ወሬ ከጠፋም ያን ባሕር ደህና አድርገህ እየው። ሰው ሄዶ የሚመለስበት ውኃ ይመስል እንደሆነ ንገረኝ።»

ስለ በረሃው ብዙ አልጽፍም። ፀሐይ ነበረ፤ ግመል ነበረ፤ ሌላ አልነበረም። ከተማው ውስጥ ለበቅሎ የሚሆን ሣር ስለሌለ በቅሎዎቻችንን ከውጭ፣ ውኃ ጉድጓዶቹ ዘንድ አስቀርተን በእግራችን ገባን። አጎቴ እግሩ አብጦ የአንድ ቡና ደላላ ግቢ ውስጥ ከቡናው አጠገብ ተቀመጠ። «ኢልመ ኮ» አለኝ፤ በእናቴ ዘመዶች አፍ «ልጄ» ማለት ነው። «እኔ ቡናዬን ጥዬ አልሄድም። አንተ ሂድ፣ ከተማውን እይ፣ የአክስትህንም ነገር ጠይቅ። መጠየቅ ማለት አፍ መክፈት ነው፤ መሬት መሬት ማየት አይደለም።»

ወጣሁ። ገና ከደጃፉ ሳልርቅ አንድ ጫማ ያደረገ ሰው ጃንጥላ ዘርግቶ መጣ። እኛ አገር ጃንጥላ የሚዘረጋው ለታቦት ነው፤ አለዚያም ለትልቅ ጌታ ነው። ስለዚህ ሸማዬን ከትከሻዬ አውርጄ ወገቤን አደገደግሁና መሬት እያየሁ እጅ ነሳሁ። እልፍ ስል ሌላ ጃንጥላ መጣ። እሱንም እጅ ነሳሁ። ከማዕዘኑ ሁለት አንድ ላይ መጡ። ይህ ከተማ ስንት መሳፍንት ነው ያለው? እስከ ቀትር አሥራ አንድ ሰው እጅ ነሣሁ፤ ኋላ እንደተነገረኝ ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱ ዓሣ ሻጮች፣ አንዱም ፀጉር ላጪ ነበሩ። በቅሎ ባለመያዜ እግዚአብሔርን ያመሰገንኩት ያን ጊዜ ነው። ለጌታ ሰው ከበቅሎ መውረድ ሥርዓት ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ወርጄ አሥራ አንድ ጊዜ ብወጣ ኖሮ በቅሎዋ ራሷ ትታዘበኝ ነበር።

የከተማው ቤቶች ነጫጭ ናቸው፤ ይህን ያወቅሁት ከሥራቸው፣ መሬት ከሚነኩበት በኩል ነው። ሰዎቹንም የማውቃቸው በጫማቸው ነው። የአያ ደስታን ወሬ ግን አንድም ሰው አልጠየቅሁም። ለጌታ ሰው መጀመሪያ አፍ መክፈት ነውር አይደለም እንዴ? ነውሩ ቢቀር እንኳ ፍርሃቱ አለ።

ቢያንስ ባሕሩን ልየው ብዬ ወረድኩ። ደረስኩ። ባሕሩ የለም።

አልዋሸሁም። ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ ጭቃ ነው። ጀልባዎቹ እንደ ታመመ ከብት በጎናቸው ተኝተዋል። ባሕሩ ወዴት ሄደ ተብሎስ ሰው ይጠየቃል? ጠፍቶ ከሆነ እኔን ይይዙኛል ብዬም ፈራሁ። ለአክስቴ ምን ልበላት? ባልሽም የለም፣ ባሕሩም የለም ልበላት?

ይህን ሳስብ ከኋላዬ አሥራ ሁለተኛው ጃንጥላ መጣ። እንደ ልማዴ አደግድጌ ጎንበስ ስል በራሴ አገር አማርኛ፣ «ቀና በል አንተ ልጅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «እዚህ ጃንጥላ የያዘ ሁሉ ጌታ አይደለም። ፀሐዩ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ወገብህን ስትሰብር አይቼ አሳዘንከኝ። የማን ልጅ ነህ?» ቀና ሳልል የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም፣ ቀበናንም ተናገርኩ። ጃንጥላው አጠገቤ ጭቃው ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ። አያ ደስታ ነበሩ።

ለካስ ከእንጦጦ ነጋዴ መጣ ሲባል ታመምኩ ብለው ቤታቸውን ይዘጋሉ። እኔን ግን ትተውኝ ሲሄዱ አንድ ፍሬ ልጅ ስለነበርኩ አላወቁኝም። የተጣለ ጀልባ ላይ አስቀመጡኝና ነገሩን አጫወቱኝ። የመጡ ዕለት ባሕሩ ሞልቶ ነበር። ወደ መርከቡ በሚያደርሰው ጀልባ ውስጥ አንድ እግራቸውን አስገቡ፤ ሌላው እግራቸው እምቢ አለ። ነገ ይሁን ብለው አደሩ፤ ማለዳ ቢመጡ ባሕሩ የለም፤ ለካ በየቀኑ እየሸሸ የሚመለስ ነው። «ቀበና ክረምት ሞልቶ ሰው ይወስዳል» አሉኝ፤ «ቢሆንም ወደ ኋላው ሲሄድ አይቼው አላውቅም። የሚሄድበትን የማይናገር ውኃ እንዴት ይታመናል?» እንዳይመለሱ ደግሞ ያ ሁሉ እንባ አለ። እስከ መሪ የተሸኘ ሰው ሳይሳለም በምን ፊቱ ይገባል? ስለዚህ ነገ እሳፈራለሁ እያሉ ከሌላ አገር ለሚመጡ ነጋዴዎች አስተርጓሚ ሆነው ሦስት ዓመት ቆዩ። ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ነው።

ባሕሩስ ይኸው በየቀኑ ይመለሳል፤ የማይመለሱት አንቱ ነዎት ልላቸው አሰብኩ። በልቤ ቀረ። ከአፌ የወጣው፣ «ተዝካርዎ ለዳግማ ትንሣኤ ነው» የሚል ብቻ ነው።

አያ ደስታ ጭቃውን አዩ። «ደግ አደረገች» አሉ። «የሞተ ሰው ነኝ፤ ታውጣ። እሷም ትረፍ። እንዳየኸኝ አትንገራት።» አክስቴን ልዋሻት ነው ማለት ነው። እምቢ ማለት ደግሞ አልችልበትም፤ ራሴን ነቀነቅሁ።

ከዚያ፣ «ብዙ ሰው ተጠርቷል?» አሉ። ቀበና በሙሉ አልኳቸው። «ምን ይታረዳል?»

«ቡሬ።»

«የትኛው ቡሬ?»

«የአንቱ ቡሬ።»

ተነሡ። «ከጥጃነቱ ጨው በእጄ እያላስኩ ያሳደግሁት? እርሻ መሐል ስሙን ስጠራው ዞሮ የሚያየኝ? ማን ነው ቡሬ ይታረድ ያለው?» የንስሐ አባትዎ ናቸው አልኳቸው። «እሳቸው መቼ አርሰው ያውቃሉ» አሉና ጃንጥላውን ከጭቃው አንሥተው አጠፉት። «በቅሎዎቻችሁ የት ናቸው?»

ዞር ስል ባሕሩ ድምፅ ሳያሰማ መጥቶ የጀልባውን ግማሽ ከቦታል።

ቀበና የደረስነው ለዳግማ ትንሣኤ ሦስት ቀን ሲቀር ነው። አክስቴ ግቢ ውስጥ ጌሾ ትወቅጥ ነበር። ዘነዘናውን አስቀምጣ ባሏን ገበያ ላይ በሬ እንደሚታይ ዞራ አየቻቸው፤ ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ፤ ኢየሩሳሌም እንዴት ናት እያለ የአያ ደስታን ጉልበት ሊስም ተጋፋ። አያ ደስታ ላብ አጠመቃቸው። እኔ መሬት መሬት አየሁ። «አልደረስኩም» አሉ። «ባሕሩን ፈራሁ።» ጉልበት ሊስም የተጋፋው ሁሉ ወደ ኋላው አለ። ጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ «እኔ የረር ተራራን ሳልሻገር ሰባ ዓመት የኖርኩት ምን ደፍሬ መሰላችሁ?» አሉ።

የንስሐ አባትየው ተጨነቁ። ፍትሐቱ ተጀምሯል፣ ጠላው ተጠንስሷል፣ እንግዳ ተጠርቷል፤ ሟቹ ግን እግሩን እየታጠበ ነው። በእመቤታችን ስም ዝክር እንበለው ይሆን ሲሉ አክስቴ እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች። «ምንም አይባልም አባቴ፤ ተዝካር ነው። ኢየሩሳሌም የሄደው ባሌ ሞቷል፤ ደግ ሰው ነበር፣ ይዘከርለታል። በቡሬ ፈንታ ሁለት በግ ይታረዳል። ይሄኛው ደግሞ ይነሣና እንጨት ይፍለጥ።»

ፈለጡ። በዕለቱ ወሬውን ያልሰሙ አንድ እንግዳ ከሩቅ መጥተው፣ እንጨት ክምሩ ዘንድ መጥረቢያ የያዙትን ሰው፣ «ለመሆኑ የሞተው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። አያ ደስታ ግንባራቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉና፣ «ኢየሩሳሌም የሄደ ሰው ነው» አሉ። «እኔ በቅርብ አላውቀውም፤ ደፋር ነበር ይላሉ።»