እትዬ ሜትር ፊታቸውን ሊያስጠብቡ መጡ

ለባለሙያ ሙያውን የሚያስተምር ሰው የሌለበት አገር እስካሁን አልተገኘም። ሾፌሩን ስለ ማርሽ፣ ሐኪሙን ስለ ኩላሊት ያስረዳል፤ ቀባሪውንም ያረዳል። የቆዳ ክሊኒኩ ነርስ ከነዚህ ሰዎች ብዙ አይታለች። ሁሉም ተደምረው ግን ከእትዬ ሜትር ተረከዝ አይደርሱም።

ክብርት እትዬ ሜትር ልብስ ሰፊ ናቸው። ስሙን ያወጣችላቸው ነርሷ ናት፤ መለኪያ ሜትራቸው እንደ ኒሻን ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም። መጀመሪያ የመጡ ዕለት ፊታቸው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው ነበር። ግንባራቸው ላይ ሁለት አግድም መስመር፣ ከንፈራቸው ዙሪያ ደግሞ ሕፃን እንደሳላት ፀሐይ የተበተኑ ጭረቶች። እንዲህ ሆነው ነው በታክሲ የመጡት።

"ሥራ እንዳይበዛብሽ ብዬ ነው፣ ልጄ። ግንባሩን ተይው፤ ለሱ ሻሽ አለኝ። ከንፈሩን አጥብቢልኝ።"

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ፊት ነው፤ ቬሎ አይደለም።"

"ሁሉም ጨርቅ ነው።"

ነርሷ ጠመኔውን በእርጥብ ጥጥ እየጠረገች አስረዳቻቸው። ሌዘሩ ከላይ ያለውን ቆዳ በጥቃቅን ነጥብ ያነሳል፤ አዲሱ ከሥር ይመጣል። በመጀመሪያ ግን ከጆሮ ጀርባ ትንሽ ቦታ ላይ ተሞክሮ ጥቂት ሳምንት ይጠበቃል።

የእትዬ ሜትር ፊት በራ። "አሁን ባለሙያ መሆንሽን አወቅሁ! ካውያም የሚሞከረው በልብሱ የውስጥ ጠርዝ ነው። ግን እሳቱን ለሐር አድርጊው፤ ለጂንስ እንዳታደርጊው።"

ነርሷን ያናደዳት ምክሩ አይደለም፤ ትክክል መሆኑ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ጠይም ቆዳ ዝቅ ያለ ኃይል እንደሚሻል መዝገቡ ላይ ጽፋ ገና ቀለሙ አልደረቀም ነበር።

ሙከራው ሰመረ። በወሩ ተመልሰው አልጋው ላይ ተጋደሙ። ማደንዘዣው ቅባት አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ክፍሉ ነጭ ነው፤ መጋረጃውም ነጭ። የቀዝቃዛ አየር ማሽኑ እንደ ሩቅ የስፌት መኪና ያንጎራጉራል። እትዬ ሜትር ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በደነዘዘ ከንፈር፣ በአርባ ዓመት ውስጥ ያለበሷቸውን ሙሽሮች አንድ በአንድ ይጠሩ ጀመር። ረጅሟ፣ አልቃሻዋ፣ በመጨረሻው ሳምንት የወፈረችው። ነርሷ ወንበሯ ላይ ሆና ስትሰማ ሙሽሮቹ በመጋረጃው በኩል የሚገቡ መሰላት። የቀሚሳቸው ዘርፍ ወለሉን ያለ ድምፅ እየጠረገ አልጋው አጠገብ ቆም ይሉና፣ ተለክተው፣ በግድግዳው በኩል ይወጣሉ።

"ስፒሉን በከንፈሬ ነበር የምይዘው" አሉ እትዬ ሜትር። "እነዚህ መስመሮች ከዚያ ነው የመጡት። ሙሽሮቼም የተገላገሉት በሱ ነው፤ አፌ ስፒል ካልያዘ ወሬ ነው የሚይዘው።"

"ታዲያ አሁን ለምን ይጠፉ አሉ?"



"ዘንድሮ ሦስት ሙሽሮች መጡ። እጄን ሳያዩ ፊቴን አዩና ዓይኗ ደክሟል ብለው ከማዶ ወዳሉት ወጣት ልብስ ሰፊዎች ተሻገሩ። አራተኛዋም ከተሻገረች የስፌት መኪናዬን ሸጬ እቀመጣለሁ።" ዓይናቸውን አልገለጡም። "ዓይኔ ደክሟል? የግራ ትከሻሽ ከቀኙ በአንድ ጣት ዝቅ ይላል።"

ይህን ከእናቷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከወር በኋላ የሚያገባት እጮኛዋ እንኳ አያውቅም።

ሌዘሩ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ በኋላ የነርሷ ትእዛዝ አጭር ነበር፦ ፀሐይ የለም፤ መፋቅ የለም፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስፒል በከንፈር የለም። መፋቁንና ፀሐዩን ተቀበሉ። ስፒሉ ላይ ግን ብዙ ተከራከሩ። በነዚያ ሁለት ሳምንታት ሱቃቸው የገባ ሰው ስለ ዚፕ ታሪክ ሳይማር አልወጣም ይባላል።

በሦስተኛው ሳምንት፣ በከሰዓት ፀሐይ፣ አራተኛዋ ሙሽራ የሱቁን በር ገፋች። እትዬ ሜትር ከመኪናቸው ቀና አሉ። ከንፈራቸው ዙሪያ ያለው ቆዳ እንደ አዲስ ሐር ነበር።

"ነርሷ! ከፊቴ ምን ቀረኝ?"

"የእኔ የግራ ትከሻ።"

እትዬ ሜትር ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ። ከቀናት በኋላ ነጩን ልብስ አልብሰዋት፣ ተንበርክከው፣ በልማድ አንድ እፍኝ ስፒል ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ነርሷ እጃቸውን ያዘች።

"ምነው ልጄ? ሁለቱ ሳምንት እኮ አልፏል።"

"ለእኔ ይስጡኝ፤ እኔ እይዛለሁ።" መዳፏን ዘረጋች። ምን ዓይነት ወሬ እየለቀቀች እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች።

"አያያዙን አታውቂበትም" ብለው ጀመሩ እትዬ ሜትር፤ "ራሱ ወደ እኔ፣ ጫፉ ወደዚያ። ስፒል ደግሞ ልንገርሽ፣ ሁለት ዓይነት ነው..."

የቀሚሱ ዘርፍ ሰፊ ነበር፤ ገና ብዙ ስፒል ይፈልጋል። ነርሷ መዳፏን አላጠፈችም።