ቁልፉ ያልተሰጠ ሳጥን

ሰጥቶ የማይለቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ የአንዲት ትንሽ ኮሌጅ የታሪክ ሰነዶች ክፍል ኃላፊ ስለሆንኩ በየሳምንቱ ይገጥመኛል።

ጋሽ ታምሩ የአባታቸውን የመሪጌታን ወረቀቶች በእንጨት ሳጥን አድርገው ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ድረስ አምጥተው ለገሱን። ዲኑ ጋቢ አለበሷቸው፤ አጨበጨብን፤ ፎቶ ተነሳን። የሳጥኑን ቁልፍ ግን ኪሳቸው ከተው ሄዱ።

ይኸው ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ጓጉንቸሩን ይነካካሉ። ጓጉንቸር እንደ በሽተኛ በየሳምንቱ ይጠየቃል እንዴ?

«ጋሽ ታምሩ፣ ክረምቱ ገብቶ ሳጥኑ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ለመሆኑ ውስጡ ምን አለ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። በሳምንቱ ሁለተኛ ጓጉንቸር ይዘው መጡ።

«ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?»

«ባለፈው ውስጡ ምን አለ ብለህ ጠይቀኸኝ የለ!»

እኔስ የዋዛ ነኝ? እንዲህ የሚጠበቅ ወረቀት ተራ ወረቀት አይደለም። አንድ ቀን መልሰው ቢያሸሹትስ? ብዬ በክፍሉ በር ላይ የራሴን ጓጉንቸር ጨመርኩ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ሳጥኑን፣ እኔ እሳቸውን እንጠብቃለን።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ወጣት መምህርት አንኳኩታ ገባችና፣ «የመሪጌታን ወረቀቶች ማንበብ ፈልጌ ነበር» አለች።

ከጋሽ ታምሩ ጋር ተያየን። ለመጀመሪያ ጊዜ ተማመንን።

«ለምን ፈለግሽው?» አልናት ባንድ ድምፅ።

ሻጋታው ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ንባቡን ቀጥሏል።