የአቶ ባምላኩ ቤት የግሪክ ሰዓት

በስመ ሥላሴ ብዬ ልጀምር፤ የተማረ ሰው አማሁ ተብዬ እንዳልቀሰፍ። ደግሞስ ሐሜት አይደለም፣ ምስጋና ነው። በቡሬ ከተማ የአቶ ባምላኩን ቤት የሚስተካከል ዐዋቂ ቤት የለም። በሩ ራሱ የተማረ ነው። የሌላው ሰው በር ሲያንኳኩት ይከፈታል፤ የእሳቸው በር ግን መጀመሪያ ይጠይቃል።

አቶ ባምላኩ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረዋል። ጡረታ በወጡ በዓመቱ አንድ ሥልጠና ተጠሩ፤ አምስት ቀን ከነምሳው። ሲመለሱ ቤተሰቡን ሰብስበው ቆመው ተናገሩ።

«እስከ ዛሬ እንግሊዝኛ ስንናገር ኖርን እንጂ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አልሆንንም። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ማንነት አራት ምሰሶ አለው። መጠየቁን ከግሪክ፣ መጠራጠሩን ከፈረንሳይ፣ ማራቀቁን ከጀርመን፣ ቁጥሩን ከዐረብ ነው ያመጡት። ከዛሬ ጀምሮ ይኸ ቤት በዚሁ አግባብ ይተዳደራል።»

ባለቤታቸው እንቁ የዋህ ናት። «እንግሊዞቹስ ከራሳቸው ምን አዋጡ?» አለች።

«ይኸ ጥርጣሬ ነው። ጥርጣሬ ከሰዓት በኋላ ነው።»

ከዚያ ወዲህ የቤቱ ሥርዓት የሚያስቀና ሆነ። ጧት የግሪክ ሰዓት ነው፤ ጥያቄ እንጂ መልስ አይፈቀድም። እንቁ «በርበሬው ደርቋል?» ብላ ስትጠይቅ «መድረቅ ምንድን ነው?» ይሏታል። ይኸን ሲመራመሩ በርበሬው ዝናብ መታው። ከሰዓት በኋላ የፈረንሳይ ነው፤ ሁሉም ይጠራጠራል። ወደ ማታ የጀርመን ነው፤ አቶ ባምላኩ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጀምራሉ፣ እራት የሚቀርበው ሲጨርሱት ነው። የዐረቡ ቁጥር ድሮም ስልካቸው ላይ ስላለ ሰዓት አልተመደበለትም።

ይኸ ሁሉ ለእኔ ምኔም አልነበር፤ ልጄ አንዷለም የሳቸውን ልጅ ትርሲትን ባይወድ። ልጆቹ ተስማምተዋል፤ የቀረ ሽማግሌ መላክ ነው። ጥር ደግሞ ተጋምሷል። ዐቢይ ጾም ከገባ እስከ ፋሲካ ሠርግ የለ፤ በመጋቢት ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ልጄን ወደ ሞያሌ ሊያዛውረው ደብዳቤ ጽፏል። ሳያገባት ከሄደ ቀረች ማለት ነው።

መሪጌታ ወልደ ዮሐንስን ጠራሁ። የሟቹ ባለቤቴ ወንድም ናቸው፤ ገበዝ ማርያም ጉባኤ ቤት ቅኔ ያስተምራሉ። አንዷለም በዚያው ቀን፣

«እማዬ፣ ሩትን ይዘዋት ቢሄዱስ?» አለኝ። ሩት መሪጌታ ዘንድ ቅኔ ስትማር ሦስት ዓመት የሆናት የእንግሊዝ ሴት ናት።

«ዝም በል! ልጅ ምን ያውቃል?» አልሁት።

መሪጌታ ሁለት ጎረቤት አስከትለው በጧት ሄዱ። ሽማግሌ የመጣበት ነገር እሺ ካልተባለለት አይቀመጥም፤ ቆሞ ነው የሚለምን።

«እንደምን አደሩ፣ ጌታው። ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል።»

«ልጅ ማለት ምንድን ነው?» አሉ አቶ ባምላኩ።

«የወለዱት ነዋ።»

«መውለድስ?»

መሪጌታ ወደ እንቁ ዞር አሉ። «እመቤቴ፣ ይኸን እንኳ እርስዎ ቢመልሱላቸው ይሻላል።»

እስከ ስድስት ሰዓት ቆመው ሲጠየቁ ዋሉና እግራቸው አብጦ ተመለሱ።

በሳምንቱ ከምሳ በኋላ ሄዱ። ጥያቄው አልቆ ጥርጣሬው ደርሶ ኖሯል።

«ለመሆኑ አንዷለም የሚባል ሰው መኖሩ በምን ይታወቃል?»

«ከልጅዎ ጋር ቆሞ አግኝተውት በድንጋይ አባረሩት እኮ፣ ጌታው!»

«ድንጋዩንም እጠራጠራለሁ።»

መሪጌታ ታጋሽ ናቸው። «ጌታው፣ መበደር ነውር የለውም። እንግሊዝ የጎደለውን ከየጎረቤቱ ተበድሮ ቤቱን ሞላ። እርስዎ ግን ለመበደር ብለው የሞላ ቤትዎን ባዶ አደረጉት። መጠየቁም መጠራጠሩም እኛ ጉባኤ ቤት ሞልቷል፤ ብቻ እኛ ስንጨርስ እንቀመጣለን» አሉ።

«ይኸ የባላገር ወሬ ነው። ምንጭ ይጠቀስ!» ብለው አሰናበቷቸው።

ጾሙ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀረው። አንዷለም እህል አልቀምስ አለ። እኔም ለማርያም ጥላ ተሳልሁ። ያን ጊዜ መሪጌታ «እስቲ ሩትን ይዣት ልሂድ» ቢሉኝ፣ «እንዴት ያለ ብልሃት ነው! እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር?» ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁ።

በሦስተኛው ጊዜ ሲሄዱ አላስችል ብሎኝ ከአጥሩ ጀርባ ቆምሁ። ሩት ነጠላዋን አጣፍታ ከመሪጌታ ጎን ቆማለች። አቶ ባምላኩ ሲያይዋት ኮታቸውን ቆልፈው በእንግሊዝኛ የጀርመን ሰዓቱን ዐረፍተ ነገር የሚያህል ሰላምታ ጀመሩ። አስጨርሳቸው እጅ ነሳች።

«ጌታው፣ ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁ። ቆመናል።» ቀጥላም፣ «መበደር ነውር የለውም። እንግሊዝ የጎደለውን ከየጎረቤቱ ተበድሮ ቤቱን ሞላ። እርስዎ ግን ለመበደር ብለው የሞላ ቤትዎን ባዶ አደረጉት። መጠየቁም መጠራጠሩም እኛ ጉባኤ ቤት ሞልቷል፤ ብቻ እኛ ስንጨርስ እንቀመጣለን» አለች። አንድ ቃል አልጨመረች፣ አንድ ቃል አልቀነሰች።

አቶ ባምላኩ ደብተር አስመጥተው ጻፉት። «የጠራ አስተሳሰብ ማለት ይኸ ነው! ከየትኛው ሊቅ አገኙት?»

«ከመሪጌታ። ባለፈው እዚሁ ቆመው ነግረውዎታል አሉ።»

«እሳቸው ሲሉት እንዲህ ግልጽ አልነበረም» አሉና ወንበር አስወጡ። «ይቀመጡ፣ ይቀመጡ! ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ያን ጊዜ መሪጌታም ተቀመጡ፤ በሩት ምክንያት።

ሠርጉ ጾሙ ሊገባ በዋዜማው ሳምንት ሆነ። ሩት የክብር ወንበር ላይ፣ መሪጌታ ከድንኳኑ ምሰሶ ጀርባ ተደረጉ። አቶ ባምላኩም ተነሥተው፣ «እንግሊዛዊቷ ምሁር ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት ጧት ጧት የነበረው የግሪክ ሰዓት በጉባኤ ቤት ሰዓት ተተክቷል» ብለው አስጨበጨቡ።

እኔ አፍሬ ወደ ሩት ጠጋ አልሁ። «ልጄ፣ መቼም እናንተ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

ሳቀች። «እማማ፣ አባቴን ‹ከመጨቃጨቅህ በፊት ሰው አስቀምጥ› እያልሁ ሃያ ዓመት ለመንሁት፤ አልሰማኝም። አምና ደውዬ ‹የኢትዮጵያ መሪጌታ እንዲህ ይላሉ› አልሁት። ጽፎ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል።»

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። የሰው አገር አባት እንዴት ያለ ሞኝ ነው፣ ከወለዳት ልጁ አፍ ሲነገረው የማይሰማ! እንባዬን ጠርጌ ቀና ስል አንዷለም ከሙሽራ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያየኛል። ያየኛል፣ ፈገግም ይላል።

ወጡን ላማስል ብዬ ተነሣሁ።