ጎደሎ ይቅደም

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ሆስፒታል አግዳሚ ላይ እንደተቀመጥኩ ሕልም አየሁ። የቀን ሕልም አይፈታም ይላሉ፤ ይበሉ። ባለቤቴ ውባንቺ በኢንፍሉዌንዛ ከተኛች አምስተኛ ቀኗ ነበር። ትኩሳቱ አልወርድ ብሏት እኔም ከሰው ተራ ወጥቼ ነበር።

በሕልሜ ዘበኛው «እባካችሁ ግቡልኝ» እያለ አላፊ አግዳሚውን ይለምናል። ሐኪሞቹ ተሰልፈዋል፤ በሽተኞቹ «ምላስ አውጣ» እያሉ ያክሟቸዋል። ውባንቺን ልጠይቅ ነው የመጣሁት ስለው ዘበኛው እጄን ይዞ በአፏ በኩል አስገባኝ።

ውስጧ ስደርስ ያው የእኔው ፎቶ ኮፒ ቤት ሆኖ ቆየኝ። ክፍለ ከተማው በር ላይ አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበት ማሽን ሳይቀር ተገትሯል። ሙቀቱ ግን አያድርስ ነው። በሩ ላይ ቫይረሶች ተሰልፈዋል፤ ካፖርታቸውን ግድግዳው ላይ ሰቅለው፣ እያንዳንዳቸው ስምንት ገጽ የተሟላ ፋይል ታቅፈው፣ ኩራታቸው ለጉድ ነው። ቀለሙን ያመጡት ራሳቸው ናቸው። እጄ አልታዘዝ አለኝና ያቀረቡልኝን ሁሉ አባዛሁ። አንድ ባባዛሁ ቁጥር ውባንቺ ከላይ ስታቃስት ይሰማኛል። በገዛ እጄ ልገድላት ነው ብዬ አለቀስኩ።

ከሰልፉ ጭራ አንድ ቀጫጫ ቫይረስ ብቅ አለ። አንደኛው ገጹ መካከሉ ተቀድዶ ራስጌና ግርጌው ብቻ ቀርቷል። ባለሙሉዎቹ ጎደሎ እያሉ ሰደቡት። እኔም ብሆን እንዲህ ያለ ወረቀት የያዘ ባለጉዳይ ሲመጣ ይመልሱሃል፣ አትድከም ስል ነው የኖርኩት።

«ጋሼ፣ እኔን ያስቀድሙኝ» አለኝ።

«በዚህ ወረቀት የትም አትደርስም እኮ።»

«የትም አልደርስም። ግን አጭር ነኝ፣ ቶሎ አልቃለሁ።»

እውነቱን ነው። አንድ ባለሙሉ ተባዝቶ እስኪወጣ እሱ ስድስት ሆኖ ወጣ። ስድስቱም ተመልሰው ተሰለፉ። ቀለሙን እነሱ ጨረሱት፣ የተሰቀለውን ካፖርት እነሱ ለበሱት። ባለሙሉዎቹ ስምንት ገጻቸውን እንደታቀፉ ራቁታቸውን ቀሩ፤ ራቁቱን ወደ ውጭ የሚወጣ ደግሞ የለም። የእኛ እኮ የተሟላ ነው እያሉ አቤት ቢሉ ማን ይስማቸው። «ጎደሎ ይቅደም» እያልኩ ሰልፉን አስተናበርኩ። ቤቱ ቀዝቀዝ አለ፣ ማሽኑም ቆመ።

ያኔ ቀጫጫው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ምነው ስለው፣ ቀለሙንም ካፖርቱንም የሚያመጡት ባለሙሉዎቹ ስለሆኑ፣ እነሱ ካለቁ እሱም እንደማይባዛ ነገረኝ። አንጀቴን በላው። ለውባንቺ እንድነግራት ስሙን ጠየቅኩት፤ አፉን ሲከፍት አንድ ሰው ትከሻዬን ወዘወዘኝ።

ሲስተር ፋሲካ ናት፣ የክፍሉ ነርስ። የውባንቺ ትኩሳት እንደወረደና ሾርባ እንደጠየቀች ነገረችኝ። ወዲያው ፊቷን ቅጭም አድርጋ፣ መዝገብ ቤት ግን ፋይሏ አንድ ገጽ ጎድሎታል ብሎ አላሰናብትም ማለቱን አከለች።

«ጎደሎ ከሆነማ ድናለች ማለት ነው» አልኳት።

ሲስተር ፋሲካ ትንሽ አየችኝና ቴርሞሜትሩን ብብቴ ውስጥ ሸጎጠችው። ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል ሲል ውባንቺ ነጠላዋን ለብሳ ተነሣችና አልጋውን ለቀቀችልኝ።